የዶልፊን ዘይት ማፍሰሻ ጥርሱ አልቋል፤ ኮፓው ይቀየር ወይስ ይሠራል?

ዶልፊን ነጂ (ፍኖተ ሰላም)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ።

መኪናዋ ዶልፊን ናት፣ የቶዮታ ሚኒባስ፣ ባለ 5ኤል ናፍጣ ሞተር። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ነው የምትሠራው። ባለፈው ዘይት ልትቀይር አንድ ላቫጆ ገባች። ስም አልጠራም። ልጁ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ላይ ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ሲያጠብቅ መፍቻው ጫፍ ላይ የቧንቧ ብረት ሰክቶ ነበር። «ኧረ ይበቃል» ስለው «ጋሼ፣ እንዳያንጠባጥብ ብዬ ነው» አለኝ። ከብሎኑ ራስ ሥር ያለው ሮንዴላም (ማሸጊያ ቀለበት) ያው አሮጌው ነው፤ አልቀየረውም።

ከዚያ ወዲህ ታንጠባጥባለች። ጠዋት ስነሳ ከሥሯ መዳፍ የሚያህል ዘይት ፈሶ አገኛለሁ። ትንሽ ላጥብቀው ብዬ 14 መፍቻ ባስገባ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል። አይጠብቅም፤ አይወጣምም። ባልዲ ደቅኜ፣ በካቻቢቴ ከጎኑ ቀና እያደረግሁ ስፈታው ወጣ። ጥርሶቹ መሃል ቀጭን የብረት ክር ተጠምጥሟል። በጥፍሬ ስስበው እየተተረተረ እስከ ብሎኑ ራስ ድረስ መጣ። ከሥሩ ያለው የብሎኑ ጥርስ ግን ደህና ይመስላል።

አሁን ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይለኛል። አንዱ «ኮፓው አይሆንም፤ ከአዲስ አበባ አስመጣ» አለ። አንዱ «ከሥሯ ገብቼ እዚያው ልበይድልህ» አለ። ሦስተኛው «ቴፍሎን ጠቅልለህ እሰረው፤ ምን ያስጨንቅሃል» ባይ ነው። ማንን ልስማ? መኪናዋ ቆማለች። ሹፌሩም ረዳቱም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

ረዳት ነበርኩ (ዳንግላ)

የቧንቧ ብረት ሰክቶ? ያ ልጅ የዘይት ብሎን ሳይሆን የአባይን ድልድይ ነው ያሰረው።

ቁም ነገሩን ልንገርህ፤ ቴፍሎኑን እርሳው። ቴፍሎን ጥርስ ያለው ነገር እንዳያፈስ ያግዛል እንጂ ጥርስ አይተካም። ሞተር ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎኑም ቀስ እያለ ይላላል። ቁርጥራጩ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ወንፊት ላይ ይለጠፋል። በረዳትነት ዘመኔ በቴፍሎን የታሰረ ብሎን ከመርዓዊ ወዲህ መንገድ ላይ ጥሎን ሄዷል። ሹፌሩ መብራቱን እስኪያይ ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ)፣ ብሮንዝ (ዘንጉ የሚዞርበት ቅርፊት)፣ የሞተር ሥራ። ባለቤቱ አለቀሰ ማለት ይቀላል።

ጣና ዳር መካኒክ (ባሕር ዳር)

ወንድሜ ዶልፊን፣ ማንንም ከመስማትህ በፊት ሦስት ነገር እይ። ከዚያ መልሱ ራሱ ይመጣል።

አንደኛ፣ የተበላው ብሎኑ ነው ወይስ ኮፓው? አንተ ያወጣኸው የብረት ክር የኮፓው ጥርስ ይመስለኛል፤ የብሎኑ ደህና ነው ብለሃልና። ግን አዲስ ብሎን ገዝተህ ያለ መፍቻ፣ በጣትህ ብቻ አስገባው። እስከ መጨረሻው ሳይወዛወዝ ከገባና ሲጎተት ካልተነቃነቀ ኮፓህ ተርፏል፤ ብሎንና ሮንዴላ ቀይረህ ሂድ። ብሎኑን ስትገዛ ተጠንቀቅ። የቶዮታው 12 በ1.25 ነው። ማለት ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25 ሚሊ። ሱቅ ውስጥ 12 በ1.5 የሚሆን ይሰጡሃል። በዓይን አይለይም። ሁለት ዙር ይገባና ይይዛል፤ «ጠበቀ» ብለህ በመፍቻ ስትገፋው የተረፈችውንም ጥርስ ይጨርሳታል። አሮጌውንና አዲሱን ብሎን ጎን ለጎን አጋጥመህ ወደ ብርሃን አንሳቸው። ጥርስ ለጥርስ ከተጋጠሙና ብርሃን ካላሳለፉ ያው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ኮፓው ምንድነው? ማግኔት አስጠጋ። ከያዘ የላሜራ ብረት ነው። ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ ላሜራው ላይ ተበይዷል ማለት ነው። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ሦስተኛ፣ የዳዶውን ዙሪያ በናፍጣ አጥበህ፣ በጨርቅ አድርቀህ፣ በባትሪ አብርተህ እይ። በዚያ ዓይነት ጉልበት የተጠበቀ ብሎን ጥርሱን ብቻ በልቶ አይተውም። አንዳንዴ ብየዳውንም ይሰነጥቃል።

ከሥሯ ገብቼ ልበይድ ያለህን ሰውዬ አመስግነህ ሸኘው። ለምን እንደሆነ ሌሎቹ ይነግሩሃል፤ እኔ ሥራ አለኝ።

አባይ በረሃ (ደጀን)

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ። መኪናዋን ወደ ጋራዥ መውሰድ ካለብህ ብቻ የምለውን ስማ።

ቀይዋን የዘይት መብራት አትመን። እሷ የምትነግርህ ግፊቱን ነው፤ ስንት ሊትር እንደቀረ አታውቅም። ስትበራ ዘይቱ ቀድሞ አልቋል። ስለዚህ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ጥቂት ቆይተህ ዲፕስቲኩን ስበህ እየው። በየመንደሩ እየው። ዘይት በጀሪካን ያዝ። መብራቷ ከበራች «እዚያች ዛፍ ሥር ላድርሳት» ብሎ ነገር የለም። ያለህበት ላይ ቁልፉን አጥፋ።

በእንዲህ ያለ ብሎን በረሃውን የሚወርድ ደግሞ አለ። ከደጀን ጎሃ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ዳገት። ዳገቱ ላይ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፤ ብርድ ላይ የማያንጠባጥበው እዚያ ይፈሳል። ሰው ጭኖ እንዲህ የሚያደርግ ሹፌር አልወድም።

ዶልፊን ነጂ (ፍኖተ ሰላም)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አየሁት። ማግኔት ጥፍር አድርጎ ይይዛል። አዲስ ብሎን 12 በ1.25 አምጥቼ በጣቴ አስገባሁት። መጀመሪያ ላይ ላላ ብሎ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት የሚይዝ ይመስላል፤ ግን ስጎትተው ይወዛወዛል። ስለዚህ ኮፓው ነው የተበላው።

ዙሪያውን አጠብሁ፤ ስንጥቅ ግን አላየሁም። በዘይት የራሰ ነገር ነው፤ መለየት ያስቸግራል።

የማርቆስ ቶርኖ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ አይዞህ። ይሄ ኮፓ የሚያስጥል ነገር አይደለም። እኔ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ነው ያረጀሁት፤ እንዲህ ያለው ሥራ ከአይሱዙም ከትራክተርም ይመጣል። ያሉህን መንገዶች ልንገርህ።

የመጀመሪያው ቀዳዳውን ማስፋት ነው። በ12.5 ትራፓኖ (መብሻ) ትበሳዋለህ፤ ከዚያ 14 በ1.5 ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) ታስገባለህ። ብሎኑ አያስቸግርህም፤ የሚትሱቢሺ ዘይት ማፍሰሻ 14 በ1.5 ነው። ሮንዴላውም ከእሱ ጋር ባለ 14 ይሆናል። ግን ከመብሳትህ በፊት የዳዶውን የውጭ ስፋት ለካ። ቀዳዳው ወደ 14 ሲሰፋ በየጎኑ የሚቀረው ብረት ቢያንስ ሁለት ሚሊ ተኩል ካልሆነ ተወው። ቀጭን ግድግዳ ያወጣኸውን ጥርስ አይሸከምም።

ማስኪዮ ስታስገባ አትቸኩል። ቀጥ ብሎ መቆሙን ከሁለት አቅጣጫ እይ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ስትመልሰው የተፋቀው ብረት ይሰበራል፤ ካልመለስኸው ማስኪዮው ውስጥ ይሰበርና ሌላ መከራ ታመጣለህ። የማስኪዮውን ቦዮች ግራሶ ሙላባቸው። ፍቅፋቂው ግራሶው ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። በየጥቂት ዙሩ አውጥተህ ጥረግና እንደገና ቀባ።

ይህን ኮፓው ሳይወልቅ የሚሠሩ አሉ። ሲያልቅ ርካሽ ዘይት ግማሽ ሊትር ከላይ አፍስሰው ቀዳዳውን ያጥባሉ። ያስኬዳል። እኔ ግን ኮፓው ቢወልቅ ደስ ይለኛል። ዘይት መጀመሪያ በፓምፑ ያልፋል፣ ከዚያ ነው ፊልትሮ የሚያገኘው። የፓምፑ ወንፊት ትልቁን ፍቅፋቂ ያስቀራል፤ ደቃቁን ያሳልፋል። ፓምፕ ብረት ቢበላ ማን ይጠየቃል?

ሁለተኛው መንገድ ለላሜራ ኮፓ የሚሻለው ነው። አሮጌውን ዳዶ ቆርጦ አዲስ መበየድ። ይህ የግድ ኮፓው ወልቆ ነው። መኪናዋ ሥር የሚበይደው ሰውዬ ከዘይት እንፋሎት ጋር ነው የሚጫወተው። ኮፓው ውስጥ የቀረው ዘይት ሲግል ይጨሳል፣ ይቀጣጠላል። ላሜራው ራሱ በዘይት ስለራሰ ብየዳው አረፋ ያወጣል፤ ሲያዩት የተዘጋ፣ ሲሞላ የሚያፈስ ይሆናል። በቤንዚን አጥቦት ሳይደርቅ የሚበይድ ደግሞ አለ፤ እሱን እግዜር ይጠብቀው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ኮፓውን በናፍጣ ታጥባለህ። ከዚያ በፍል ውሃና በኦሞ፣ ቅባቱ እስኪለቅ ትፈትጋለህ። ፀሐይ ላይ ታደርቃለህ። አዲሱ ዳዶ የተነከረ፣ የሚያብረቀርቅ መሆን የለበትም። በዚንክ የተነከረ ዳዶ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ጭሱ ያሳምማል፣ ብየዳውም አይይዝም። እኔ ከተራ ብረት ቶርኖ ላይ ቀርጬ፣ ኮሌታ አውጥቼለት ነው የምሠራው። ኮሌታው ላሜራው ላይ ተኝቶ ስለሚቀመጥ ብየዳው ሰፊ ቦታ ያገኛል። ላሜራው ስስ ስለሆነ በናስ መበየድ ይሻላል። ናስ ብዙ ሙቀት አይፈልግም፤ ራሱ እየፈሰሰ ክፍተቱን ይሞላል። ሲበየድ አሮጌ ብሎን ዳዶው ውስጥ አስገባ፤ ጥርሱ በብልጭታ አይበላም። ሲቀዘቅዝ ብሎኑን አውጥተህ 12 በ1.25 ማስኪዮ አንዴ አሳልፍበት።

መጨረሻ ላይ ነጭ ጋዝ ኮፓው ውስጥ ጨምር። ከውጭ ብየዳውን በጠመኔ ቀባው። ሰዓት ያህል ተወው። ጠመኔው ከረጠበ ያፈሳል፤ ነጭ ጋዝ ዘይት የማያልፍበትን ያልፋል። ደረቅ ከሆነ አትፍራ።

ፖሊ ተማሪ (ባሕር ዳር)

አያ ቶርኖ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ ስለ ማጥበቁ ቁጥር ልጨምር።

ለቶዮታ 12 ሚሊ ማፍሰሻ የሚመከረው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ለሚኒባስ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይነግረውም፤ ስለዚህ በእጅ እንየው። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ክብደት ያህል ብትጫን 39 ኒውተን ሜትር ገደማ ይመጣል። ያ በቂ ነው። አሁን ቧንቧ ሰክተህ ርዝመቱን 80 ሳንቲ ሜትር አድርገው። በዚያው ጉልበት 157 ይሆናል። አራት እጥፍ! ልጁ ጉልበተኛ ስለሆነ አይደለም የሰበረው፤ ብረቱ ስለረዘመ ነው።

አዲስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሮንዴላ ካለ ደግሞ ብሎኑ በጣት ገብቶ ሮንዴላው ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ገደማ ይበቃል። የሚያሽገው ሮንዴላው ነው። አሮጌ ሮንዴላ አንዴ ተጨፍልቋል፣ ጠንክሯል፤ እሱን እንዲያሽግ ስትለምነው ነው ጥርሱ የሚሄደው።

ረዳት ነበርኩ (ዳንግላ)

አንድ ሳንቲም የማይሞላ ሮንዴላ ሰስቶ ኮፓ ማስበየድ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለኛ አገር ላቫጆ ነው።

ቡሬ መገንጠያ (ቡሬ)

ለምን ይህን ያህል ታወሳስቡታላችሁ? ራሱ ጥርስ እያወጣ የሚገባ ወፍራም ብሎን አለ። ከመደበኛው ትንሽ ወፈር ይላል፣ ጫፉ ላይ መቁረጫ አለው። ገዝቶ በመፍቻ ማስገባት ነው። እኔ አስገብቼ እየሠራሁ ነው፤ ምንም አላለኝ።

ጣና ዳር መካኒክ (ባሕር ዳር)

ቡሬ፣ አልዋሽህም፣ እኔም ሸጬዋለሁ። ለአስቸኳይ ጊዜ ጥሩ ነው። ግን ምን እንደሆነ ይታወቅ። አንደኛ የሚፍቀው ብረት የሚገባው ወደ ኮፓው ነው። ሁለተኛ፣ ትንሽ ጠመም ብሎ ከገባ የብሎኑ ራስ ተስተካክሎ አይቀመጥም፤ ሮንዴላው በአንድ ጎን ይከፈታል፣ ያንጠባጥባል። ሦስተኛ፣ ዘይት በቀየርክ ቁጥር በፈታኸው መጠን ይላላል። አሁን ምንም አላለህም፤ ምን ያህል ጊዜ ፈታኸው?

መሃሉ ላይ ሌላ ትንሽ ብሎን ያለው ዓይነት አለ። እሱ ይሻላል። ትልቁ አንዴ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ዘይት የሚፈሰው በትንሹ ነው። ግን ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ዘይቱ እስኪያልቅ ቡና አፍልተህ ትጠጣለህ።

ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሲወጠር የሚደፍን የጎማ ቡሽም አለ። እሱ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ነው እንጂ ሰው ለሚጭን መኪና መደበኛ ብሎን አይሆንም።

ቡሬ መገንጠያ (ቡሬ)

አንዴም አልፈታሁትም ገና። እሺ፣ ዘይት ስቀይር አያለሁ። የባሰ ነገር ከሆነ እዚሁ እጽፋለሁ።

የሞጣዋ (ሞጣ)

ይቅርታ በሰው ጉዳይ ውስጥ ገባሁ። የኔ ሚኒባስ ሌላ ዓይነት ናት። ማግኔት ሞከርሁ፤ አልያዘም። ብሎኑ ገና አልተበላም፤ ግን ባለፈው ሲፈታ ጥርሱ ላይ ነጭ ብናኝ ነበረው። መካኒኩ «ሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ። እውነት ነው?

የማርቆስ ቶርኖ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ ሁሉም እንዲህ አይደለም። ነጩ ብናኝ አሉሚኒየሙ ነው። የብረት ብሎን ለስላሳውን አሉሚኒየም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየላጠው ነው። ገና ስላልሄደ እድለኛ ነሽ። ከአሁን በኋላ ብሎኑን ሁልጊዜ በጣት ማስጀመር ነው። ማስጀመሪያው ላይ መፍቻ ካረፈ ጥርስ ለጥርስ ይተላለፋል። በጣት ሦስት አራት ዙር ካልገባ አውጥቶ መጥረግ ነው። ሞተሩ እሳት ሲሆንም አያስፈቱ፤ ሞቅ ያለ ዘይት በቀላሉ ይወርዳል፣ የጋለ አሉሚኒየም ግን ይለሰልሳል።

ከተበላ ደግሞ ብየዳው ለላሜራ እንደሚሠራው አይሠራም። አሉሚኒየም ተራ ኤሌክትሮድ አይበይደውም፤ በአርጎን የሚበይድ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ የብረት እጅጌ አስገባበታለሁ። ከውጭ 18 በ1.5፣ ከውስጥ 12 በ1.25፣ አፉ ላይ ኮሌታ ያለው። ኮፓውን በ16.5 በስቼ 18 ማስኪዮ አሳልፋለሁ፤ እጅጌውን በቀይ የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ቀብቼ አስገባዋለሁ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ የሚገባው ብረት ውስጥ ነው። ከፊተኛው ይበልጣል ብል አላጋነንሁም። ግን ለ18ቱ ቦታ ያስፈልጋል። የኮፓው አፍ ጠባብ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጥርስ በሚሆን የሽቦ ጥቅል የሚሠራው አለ፤ ለእሱ 12.3 ያህል ብቻ ነው የሚበሳው። ችግሩ የራሱ ልዩ ማስኪዮ አለው፤ በሌላ አይሆንም። አንዳንዴም ጥቅሉ ከብሎኑ ጋር ተያይዞ ይወጣል።

ዶልፊን ነጂ (ፍኖተ ሰላም)

ተመለስሁ። ያለቀውን ልንገራችሁ።

14 ላስደርገው ወስኜ ነበር። ቶሎ ይሆናል ብዬ። ኮፓው ግን ይውለቅ አልሁ፤ አያ ቶርኖ ስለ ፓምፑ የተናገሩት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሲወልቅ ከሞተሩ ጋር በጋስኬት ሳይሆን በሲሊኮን ነው የተጣበቀው። በቀጭን ቢላዋ ዙሪያውን እየቀደዱ አወረዱት፤ በካቻቢቴ ቢፈለቅቁት ከንፈሩ ይጣመም ነበር።

ታጥቦ ሲደርቅ ጉዱ ወጣ። ዳዶው ከላሜራው ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ከውጭ አትታይም። ነጭ ጋዝ ጨምረን በጠመኔ ስንቀባ ግን በሩብ ክብ ልክ ጠመኔው ጠቆረ። ማለት 14 ባስደርግም ያንጠባጥብ ነበር! ብሎኑን እያጠበቅሁ፣ እንደገና ጥርሱን እየበላሁ እኖር ነበር።

ስለዚህ ኮፓውን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወረድሁ። አሮጌውን ዳዶ ቆረጡት። ከውስጥ ሲታይ ከአምስቱ ጥርስ ሁለቱ ብቻ ግማሽ ግማሽ ቀርተዋል። አዲስ ኮሌታ ያለው ተቀርጾ በናስ ተበየደ። እንደገና ጠመኔ፣ እንደገና ነጭ ጋዝ፤ ደረቅ።

ስንመልሰው የኮፓው ከንፈር ጠፍጣፋ መሆኑን በመስታወት ላይ አስቀምጠን አየን፤ አንድ ቦታ ተነስቶ ነበር፣ በመዶሻ በቀስታ ተስተካከለ። አሮጌው ሲሊኮን ከሁለቱም ወገን ተፋቀ። አዲሱ ሲቀባ መካኒኩ መስመሩን ቀጭን አደረገው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊ። «ሲሊኮን ማብዛት ማሸግ አይደለም፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባና ወንፊቱን ይዘጋል» አለኝ። እስኪይዝ አደረች፤ ጠዋት አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ገባላት። ብሎኑን እኔው አሰርሁት። በ14 መፍቻ፣ ያለ ቧንቧ። ሥሯ ካርቶን አንጥፌ አየሁ፤ ደረቅ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ደርሳ ተመልሳለች።

አባይ በረሃ (ደጀን)

እሰይ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ከሠራች በኋላ አንዴ ግባና ብሎኑን በመፍቻ ንካው። አታጥብቀው፤ መቆሙን ብቻ እወቅ። ዲፕስቲኩንም እንደዚሁ።

ፖሊ ተማሪ (ባሕር ዳር)

ስንጥቋ ይገርማል። አራት እጥፍ ጉልበት ሲገባ ጥርሱ ብቻ አይደለም የሚሸከመው፤ ዳዶው ከነብየዳው ለመዞር ይታገላል። አሮጌውን ዳዶ አስቀምጥልኝ፤ ለክፍል ጓደኞቼ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ረዳት ነበርኩ (ዳንግላ)

የወጣውን ዘይት ምን አደረግኸው? ለአጥር እንጨት እፈልጋለሁ። ምስጥ ጨረሰን።

ዶልፊን ነጂ (ፍኖተ ሰላም)

በጀሪካን አለ፤ ና ውሰድ። ወንዝ ዳር ብቻ አታፍስሰው። ዳዶውም ለተማሪው ተቀምጧል።

ላቫጆው ሄጄ ነበር ደግሞ። ልጁን አልተቆጣሁትም። የተሰነጠቀውን ዳዶ እጁ ላይ አስቀመጥሁለት። አገላብጦ አየውና «ይሄ ሁሉ በኔ ነው?» አለ። ቧንቧው አሁንም ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ለጎማ ብሎን ነው የምንጠቀምበት አለኝ። ለጎማ ይሁን።

የሞጣዋ (ሞጣ)

አያ ቶርኖ፣ እኔ ሳይበላ ልቅደም ብያለሁ። መኪናዋን ይዤ ልምጣ ወይስ ኮፓውን ብቻ?

የማርቆስ ቶርኖ (ደብረ ማርቆስ)

ኮፓውን ብቻ፣ እህቴ። አስወልቀሽ፣ አሳጥበሽ፣ አድርቀሽ ላኪው። ከንፈሩ እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልይው። ብሎኑንም አብረሽ ላኪ፤ ብሎኑን በእጄ ሳልለካ እጅጌ አልቀርጽም። መጀመሪያ ግን እኔ አየዋለሁ። ጥርሱ ገና ጠንካራ ከሆነ ምንም ሳልነካው አዲስ ሮንዴላ ጨምሬ እመልስልሻለሁ።